ነፍስ የማን አደራ ናት?

ልጄ፣ የላክህልኝን ጽሑፍ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብሁት። ሦስት ነገር ጠይቀኸኛል። ነፍሴን የፈጠራት እግዚአብሔር ከሆነ ክፋት ከየት ገባባት? ክፋቱ ከአዳም በዘር የወረደ ከሆነስ እኔ ባልነበርሁበት ነገር ስለ ምን እጠየቃለሁ? ደግሞስ ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ በእኔ ጥፋት ምን ይጎድልበታል፤ «እግዚአብሔርን በደልሁ» ማለትስ ምን ማለት ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች የተጀመሩት ባንተ አይደለም። ታላላቅ ሊቃውንት ተጨንቀውባቸዋል፤ አንዳንዶቹም የልባቸው ሳይደርስ አርፈዋል። ስለዚህ በመጠየቅህ አልቆጣም፣ ደስ ይለኛል እንጂ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከነፍስ መነሻ እጀምርልሃለሁ። ከዚያ ግን ወደ ሌላ ሥር መውረዴ አይቀርም። አንተ ያልጻፍኸው፣ እኔ ግን የማውቀው ነገር አለ። እዚያ ስደርስ ንባቡን እንዳታቋርጥብኝ እለምንሃለሁ።

ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነግረን እግዚአብሔር እንስሳትን ምድር እንድታወጣቸው አዘዘ። ሰውን ሲፈጥር ግን በትእዛዝ ብቻ አልተወውም፤ ከአፈር ራሱ አበጀው፣ ሕይወትንም በገዛ እስትንፋሱ ሰጠው። መምህራኖቻችን ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት የሆነ አራት ባሕርይ እንዳለው፣ ነፍስ ደግሞ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት እንደሆነች ያስተምሩናል። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሥጋ ሲፈርስም በሕይወት ትኖራለች። መጽሐፈ መክብብም በመጨረሻው ምዕራፍ አፈሩ ወደ አፈርነቱ ሲመለስ ነፍስ ወደ ሰጪዋ እንደምትሄድ ይናገራል። እንግዲህ ሰጪ አላት፤ ወደ እርሱም ትመለሳለች። የምታስብና የምትናገር ስለሆነችም ስትመለስ ትጠየቃለች፣ ትመልሳለችም።

እዚህ ድረስ ክርስቲያን ሁሉ ይስማማል። ክርክሩ የተነሣው የአዳምን ነፍስ ትተን የአንተና የእኔ እንዴት መጣች ሲባል ነው።

በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው አርጌንስ በዕውቀቱ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሰው ነው። እርሱ ነፍሳት ዓለም ሳይፈጠር በፊት ነበሩ፣ ለፈጣሪያቸው የነበራቸው ፍቅር ሲቀዘቅዝ ወደቁ፣ ከዚያም ሥጋን ለበሱ ብሎ አሰበ። ሐሳቡ የሰውን መከራ ሁሉ የሚያስረዳ ይመስላል፤ አንዱ ደኻ ሌላው ሀብታም፣ አንዱ ዕውር ሌላው ዓይናማ ሆኖ የሚወለደው ቀድሞ በሠራው ነው ያሰኛል። ቤተ ክርስቲያን ግን አልተቀበለችውም። እ.ኤ.አ. በ400 ገደማ የዚያው የእስክንድርያ መንበር ፓትርያርክ የነበረው ቴዎፍሎስ ትምህርቱን አወገዘ። ኋላም በ553 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ አወገዘው፤ ያ ጉባኤ ከማንቀበለው ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የተደረገ ስለሆነ እኛ ከጉባኤዎቻችን አንቆጥረውም፣ በዚህ ነገር ግን አልተለያየንም። የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም፣ የኑሲሱ ጎርጎርዮስ፣ ነፍስ ከሥጋ አትቀድምም፣ ሥጋም ከነፍስ አይቀድምም፣ የሰው ጅማሬው አንድ ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ሊቅ ስለ ነፍስ የጻፈውን ትልቁን መጽሐፍ የደረሰው በ379 ካረፈች ታላቅ እህቱ ከማቅሪና ጋር በሞቷ አልጋ አጠገብ እንደተነጋገረ አድርጎ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምታስተምረው እርሷ ናት፤ እርሱ ጠያቂ ነው። ይህን የምነግርህ ስለ ነፍስ መጠየቅ የክህደት ምልክት እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው። ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ሳለ ሊቁ እህቱን ጠይቋል።

የአርጌንስ መንገድ ከተዘጋ ሁለት መንገድ ይቀራል። ተርቱልያኖስ የሚባለው የካርታጎ ሰው ነፍስም እንደ ሥጋ ከወላጆች ዘር ትገኛለች አለ። የዚህ ወገን ሰዎች እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ከፍጥረት ሥራው ዐርፏልና ዕለት ዕለት አዲስ ነፍስ አይፈጥርም ይላሉ፤ የአዳም ውድቀት እንዴት ወደ ልጆቹ እንደደረሰም በዚህ ይገባናል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 12 እግዚአብሔር የሰውን መንፈስ በውስጡ እንደሚሠራ የተናገረውን ይዘው፣ ለእያንዳንዱ ፅንስ ነፍሱን የሚፈጥርለት እርሱ ራሱ ነው ይላሉ። በቤተ ልሔም የነበረው ሄሮኒሞስ ወደዚህኛው ያደላ ነበር።

የአውግስጢኖስ ነገር ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካኛል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ብዙ አይነሣም፤ ዛሬ አልጄሪያ በምንለው አገር፣ በሂፖ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረ ታላቅ ሰው ነው። በ415 ለሄሮኒሞስ ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት። ጭንቀቱ ካንተ ጥያቄ አይርቅም፤ ነፍስ ሁሉ አዲስ ሆና ከእግዚአብሔር እጅ የምትወጣ ከሆነ ሕፃን ስለ ምን ጥምቀት ያስፈልገዋል የሚል ነበር። የሚፈልገውን መልስ አላገኘም። መልስ ይመጣል ብሎ ተስፋ በማድረግ ደብዳቤውን ሄሮኒሞስ በሕይወት ሳለ ይፋ አላወጣውም። በስተእርጅናው የጻፋቸውን መጻሕፍት ሁሉ መለስ ብሎ ሲመረምር፣ በዚህ ነገር ያን ጊዜ እንዳላወቅሁ ዛሬም አላወቅሁም ብሎ በግልጽ ጻፈ። ይህን ያህል ያነበበና የጻፈ ሰው አላውቅም ሲል ነውር አልሆነበትም። ግን ልብ በል፦ ነፍሴ በየት በኩል እንደመጣች ካላወቅሁ ንስሐ አልገባም አላለም። ጥያቄው እንደተከፈተ እስከ ዕለተ ሞቱ በንስሐ ኖረ።

በአገራችንም ይህ ነገር ሊቃውንቱን አወዛግቧል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ካህናት፣ ነፍስ በማኅፀን ሳለች ዕውቀት አላት ወይስ የላትም ብለው ተከፋፍለው ነበር። ስለ ክርስቶስ የተነሣው የቅባትና የጸጋ ክርክር አልበቃ ብሎ ይህ ተጨመረበት። እነዚያ ሰዎች ለሃይማኖታቸው ቀናተኞች ነበሩ፣ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ሕፃኑ በማኅፀን ምን ያውቃል እየተባለ ጉባኤ በሚከፋፈልበት ጊዜ፣ የተወለደውና ያደገው ያወቀውን ያደርጋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ባንተም ላይ የምፈራው ይህንኑ ነው።

በዘር ወረደች ብንልም፣ በየፅንሱ ተፈጠረች ብንልም ባለቤቷ አይለወጥም። በነቢዩ በሕዝቅኤል አፍ እግዚአብሔር ነፍሳት ሁሉ፣ የአባትም የልጅም ነፍስ፣ የእርሱ እንደሆኑ ተናግሯል። አንተ ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት ለመዳን የሚያስፈልግህ አይመስለኝም። ነፍስህ የተሰጠችህ እንደ አደራ ገንዘብ ነው፤ ትሠራባታለህ፣ ታተርፍባታለህ፣ ባለቤቷ በጠራት ቀን ግን ታስረክባለህ። አደራውን ያመጣው መልእክተኛ በየትኛው በር እንደገባ ባታይ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አላወቅሁም አትልም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚሉት አባቶቻችን ሰማይ መራቁን አይተው አደራው ይላላል አላሉም።

ሁለተኛው ጥያቄህ የከበደ ነው። «ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይባላል። አዳም ወደቀ፤ ሞትና ድካም ወደ ልጆቹ ሁሉ ተላለፈ። ጥንተ አብሶ የምንለው ይህ ነው። ሕፃኑ ምንም ሳያጠፋ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን የምናስጠምቀው ስለዚህ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይነግረናልና፣ በእነርሱ የጠፋው ልጅነት በዚያው ቀን ልክ ለልጆቻቸው ይመለሳል። አንተም በ40 ቀንህ ተጠምቀሃል፤ እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ለአዳም ዕዳ የሚከፈለው በክርስቶስ ተከፍሎልሃል። ከዚያ ወዲህ የሠራኸውን በአዳም ስም ልታስመዘግብ አትችልም።

በባቢሎን ምርኮ፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ የነበሩት እስራኤላውያንም አንድ ተረት ነበራቸው። አባቶች በበሉት ጎምዛዛ ወይን የልጆች ጥርስ ደነዘዘ እያሉ መከራቸውን ሁሉ በአያቶቻቸው ላይ ይጥሉ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ አባቶቻቸው በእውነት በድለዋል፣ አገር ያጠፋውም የአባቶች ጣዖት ነው። ሆኖም እግዚአብሔር በሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ይህ ተረት ከእንግዲህ በእስራኤል እንዳይነገር አዘዘ። እኔ ተረትና ምሳሌ ስወድ ያደግሁ ሰው ነኝ። እግዚአብሔር ተረትን ሲከለክል ግን ምክንያት እንዳለው አምናለሁ። ያ ተረት የሰውን እግር አስሮ ነበር። አባቱ ክፉ የነበረ ልጅ ደግ መሆን ይችላል፤ ክፉ የነበረም ሰው ቢመለስ ያለፈው አይታሰብበትም፤ ምዕራፉ በሙሉ ይህን ነው የሚያስረዳው። ስለዚህ ሕዝቅኤልን ስታነብ ቁጣ ብቻ አይታይህ። ዕዳህ ያንተ ነው ሲልህ፣ መመለስም ያንተ ነው እያለህ ነው።

ልጄ፣ ከመቆጣት ሳይሆን ከመውደድ አንድ ነገር ልንገርህ። ክፋቱ ከየት ገባብኝ የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ሰው ይጠይቀዋል። አንዱ ሊድን ፈልጎ የበሽታውን ሥር ይፈልጋል። ሌላው ግን አዳም ያደረገውን ያደርጋል። አዳም በገነት ሲጠየቅ በላሁ ብሎ አላቆመም፤ አንተ የሰጠኸኝ ሴት ሰጠችኝ ብሎ ጥፋቱን በሚስቱ በኩል አሳልፎ ለፈጣሪው ሰጠው። አዳም የመጀመሪያው በደለኛ ብቻ አይደለም፤ ስለ በደሉ የመጀመሪያውን ማመካኛ የተናገረም እርሱ ነው። ጽሑፍህን ሳነብ በውስጡ ይህን ድምፅ ሰምቻለሁ። ባልሰማው በወደድሁ ነበር።

እንግዲህ ወዳልጻፍኸው ነገር ደረስሁ። ጎረቤታችን የነበረችው ልጅ ዐረብ አገር ስትሄድ ወንድም ስለሌላት አንተን እንደ ወንድም ቆጥራ ገንዘቧን ባንተ ስም ትልክ እንደነበር አውቃለሁ። ለእናቷ ቤት ማሠሪያ ነበር። አዙሬበት እመልሳለሁ ብለህ በንግድ ውስጥ እንዳገባኸው፣ ንግዱም እንዳልቀናህ ሰምቻለሁ። እናቷ እስካሁን በኪራይ ቤት ናቸው፤ መሠረቱ ተጥሏል ብለሃቸው እንደነበርም ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቀኝ፤ እኔም ለሌላ ሰው አልተነፈስሁም። «እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይበድል የለም።» መውደቅህ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ፣ በዚህ መሃል ተቀምጠህ ክፋት ከየት ገባ ብለህ መጠየቅህ ነው።

ለእግዚአብሔር ምን ይጎድልበታል ብለሃል። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 35 ኤሊሁም ለኢዮብ ይህንኑ ይላል፤ ብትበድል እርሱን ምን ታደርገዋለህ፣ ክፋትህ የሚጎዳው እንዳንተ ያለውን ሰው ነው ይለዋል። እውነት አለው። እግዚአብሔር ቤት ኪራይ አይከፍልም። የጎደለባቸው እኒያ እናት ናቸው። ነገር ግን የእርሳቸውና የልጃቸው ነፍስ የማን ናት? ቅድም ነፍሳት ሁሉ የእርሱ ናቸው ብለናል። መጽሐፈ ምሳሌ ድኻን የሚያስጨንቅ ፈጣሪውን እንደሚሰድብ የሚናገረው፣ ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከታናናሾቹ ለአንዱ የተደረገውን ለራሱ እንደተደረገ የሚቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ሲወድቅ፣ እርሱ ያሳደደው ምእመናንን ነበር፤ ለምን ታሳድደኛለህ ያለው ግን ክርስቶስ ነው። እግዚአብሔር ራሱ አይጎዳም፤ የእርሱ የሆነውን ግን አሳልፎ አይሰጥም።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6ን አንብበው። ሰው ባልንጀራው ባኖረበት አደራ ቢክድ ወይም ቢቀማ ያ በእግዚአብሔር ላይ የተደረገ በደል ነው ብሎ ይጀምራል። በቤተ መቅደስ ላይ ወይም በታቦት ላይ አላለም፤ ጎረቤት ባስቀመጠው አደራ ላይ ነው ያለው። ከዚያ ምን ያድርግ ይላል መሰለህ? መጀመሪያ የወሰደውን ሙሉውን ይመልሳል፤ አምስተኛ እጁንም ይጨምርበታል፤ ከመቶ ብር ላይ ሃያ ብር ማለት ነው። የሚሰጠውም ለባለገንዘቡ ነው። ከዚህ በኋላ የበደሉን መሥዋዕት አውራ በግ ይዞ ወደ ካህኑ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን አስተውል። በጉ አይቀድምም። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ደግሞ የተበደለው ሰው ቢሞትና ተቀባይ ዘመድ ቢጠፋ እንኳ ገንዘቡ ለበዳዩ እንደማይቀርለት፣ ለእግዚአብሔር ተብሎ ለካህኑ እንደሚሰጥ ያዛል። ባለቤቱ ቢሞት ባለቤት አለው።

ዮሴፍን አስበው። በግብፅ የጌታው ቤት ሁሉ በእጁ ነበር፤ ከሚስቱ በቀር ጌታው ያልሰጠው ነገር የለም። ሴቲቱ ስትጠራው እምቢ ያለበትን ምክንያት በዘፍጥረት 39 ታገኘዋለህ፤ ጌታዬ አምኖኛል አለ፣ ከዚያም ይህን ባደርግ እግዚአብሔርን እበድላለሁ አለ። የሰውየው አደራና የእግዚአብሔር ሕግ በልቡ አንድ ነገር ነበሩ። አባቱ ሩቅ ነው፣ ወንድሞቹ ሸጠውታል፣ የሚያውቀው የለም። ከአገሩ ርቆ በሰው ቤት ማገልገል ምን እንደሆነ የምታውቀው ያቺ ልጅ ናት፤ በሰው ቤት ታምና ሠርታ ያገኘችውን ነው ላንተ የላከችው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባል ሰምተሃል፤ ያንተን ንግድም አላደመቀውም።

ዳዊት በመዝሙር 50 አንተን ብቻ በደልሁ ብሏል፣ ስለዚህ ነገሬ ከእግዚአብሔር ጋር ነው፣ በልቤ ንስሐ ገብቻለሁ ብለህም ጽፈሃል። ይህን መዝሙር በየቀኑ እደግመዋለሁ፤ እንዲህ ሲተረጎም ዝም ልል አልችልም። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ኦርዮንንም በጦር ግንባር አስገደለው። ታዲያ እንዴት እግዚአብሔርን ብቻ ይላል? እኔ እንደሚገባኝ፣ ንጉሥ ነውና ከበላዩ የሚፈርድበት ሰው አልነበረም። ጉዳዩን የሚያይ ሌላ ችሎት ስለሌለ፣ ተደብቄ አመለጥሁ ማለት ይችል የነበረ ሰው፣ የነፍስ ባለቤት ፊት ቆሞ ራሱን ከሰሰ። መሸሸጊያውን ራሱ አፈረሰ። አንተ በዚያው ቃል መሸሸጊያ እየሠራህ ነው።

ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የገባውም በምሳሌ ነበር። ብዙ በግ ያለው ሀብታም የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደ አለው። ዳዊት ምሳሌው ስለ እርሱ መሆኑን ሳያውቅ ተቆጥቶ አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ፤ ኦሪት ዘጸአት ታርዶ ወይም ተሸጦ ለተሰረቀ በግ የምታዝዘው ይህንኑ ነው። ዳዊት ለኦርዮን አራት እጥፍ ሊከፍል አልቻለም፤ የሞተ ሰው ተከፋይ አይሆንም። ከዚያ ብዙ ዘመን አልፎ በኢያሪኮ አንድ አጭር ሰው ከሾላ ዛፍ ወርዶ ጌታን በቤቱ ሲቀበል፣ ማንም ሳያስገድደው ግማሽ ሀብቴን ለድኾች፣ የቀማሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መዳን በዚያ ቀን ወደ ዘኬዎስ ቤት መግባቱን ሉቃስ ጽፎልናል። ዳዊት ያልቻለውን ዘኬዎስ ቻለ። አንተ ዛሬ ያለኸው በዘኬዎስ ቦታ ነው፤ የበደልሃት ልጅ በሕይወት አለች፣ እናቷም አሉ። ይህ ትልቅ ቸርነት ነው፣ አታባክነው።

«የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። ወንጌል ከዚህ ያልፋል። ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ሰሎሞን ጋ ሲደርስ ቤርሳቤህን በስሟ አልጠራትም፤ የኦርዮን ሚስት የነበረችው ብሎ አለፈ። ዳዊት ይቅር ተብሏል፣ ዙፋኑም ጸንቷል፤ ሆኖም የተገደለው የኬጢያዊው የኦርዮን ስም በመድኃኔ ዓለም የዘር ሐረግ መካከል ተጽፎ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። ይቅርታ የተበደለውን ሰው አይሰርዘውም።

ለንስሐ አባትህ ሳትናገር በልብ ብቻ የተጨረሰ ነገርም አያሳርፍህም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» የሚያሳፍርህ ይመስለኛል። አባታችን ስንት ዓመት የሰው ዕንባ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው፣ ያንተ አዲስ አይሆንባቸውም። ግን ጾምና ስግደት ብቻ ስጡኝ ብለህ አትግባ፤ ገንዘቡን ምን አደረግኸው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጌታችን በማቴዎስ 5 ወንድምህ ባንተ የሚያዝንበት ነገር እንዳለ በመሠዊያው ፊት ትዝ ካለህ መባህን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ፣ ከዚያ ተመለስ ብሏል። ከቅዳሴ ይልቅ መታረቅ ይቀድማል እያለን ነው፤ ቅዳሴን ያቃለለ ሳይሆን ከሰው ጋር ሳይታረቁ ወደ እርሱ መቅረብ እንደማይቻል የነገረን ነው።

አሁን ባዶ እጅህን እንደሆንህ አውቃለሁ። ተስፋ ቆርጠህ ከሰው እንዳትርቅ፤ ይሁዳም ጴጥሮስም ጌታቸው በተያዘበት ሌሊት በድለውታል፣ የለያቸው አንዱ መመለሱ ነው። መጀመሪያ ለልጅቱ ራስህ ደውልላት። ከሌላ ሰው ከሰማችው ሁለተኛ በደል ይሆንብሃል። አታሳምር፣ ንግዱን አትውቀስ፣ አዳምንም አትጥራ። ያንን ገንዘብ እኔ አጠፋሁት በላት። ትቆጣለች፤ ታለቅሳለች፤ ስልኩን ልትዘጋብህም ትችላለች። ታገሥ። ከዚያ በየወሩ ምን ያህል እንደምትመልስ በወረቀት አስፍር፣ ምስክር አስፈርምበት፣ ገንዘቡም በእናቷ የባንክ ደብተር በቀጥታ ይግባ እንጂ በእጅህ አይለፍ። ሞተር ብስክሌትህን ሽጠው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከእርሱ ይውጣ። እናቷ ዘንድ ብቻህን መሄድ ከከበደህ «እርቅ ደም ያድርቅ» ብለን እኔና ሌላ አንድ ሽማግሌ አብረንህ እንገባለን። እኛ የምንሄደው ይቅር ለእግዚአብሔር ለማለት ነው፣ ዕዳ ለማስቀነስ አይደለም። እርሳቸው ከአምስተኛው እጅ ላይ ምሬሃለሁ ቢሉህ የእርሳቸው ደግነት ነው፤ አንተ ግን ይዘህ ቅረብ።

የነፍስን መነሻ ገና መጨዋወት እንችላለን፤ የጎርጎርዮስንና የማቅሪናን ነገር ቀሪውን አጫውትሃለሁ፤ ጥያቄህም ጥሩ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን በቅድሚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ና፤ የገንዘቡን ልክ በትክክል ጽፈህ ያዝ። የባንኩንም ደረሰኝ አትርሳ።